በእናቴ ቁጥር እየደወሉ ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ ምን እናድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ፣ የምጽፈው ከድሬዳዋ ነው። እናቴ ቀፊራ ገበያ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች። ሰሞኑን አንድ ሰው ለደንበኞቿ እየደወለ «ልጇ ነኝ፤ ዕቃችን ኬላ ላይ ተይዞብናል፤ በዚህ ሂሳብ ቶሎ አስገቡልን» ይላል። ስልካቸው ላይ የሚወጣው የእሷው ቁጥር ነው። መዝግበው ስለያዙት ስሟም አብሮ ይመጣል፤ ታዲያ ማን ይጠራጠር?

ስልኳ አልተሰረቀም፣ ሲሙም ይሠራል። የወጪ ጥሪዎቿን አየሁ፤ እነዚያ ጥሪዎች የሉበትም። እንደተረዳሁት የደዋዩን ቁጥር የሚልከው ጥሪው የተነሳበት ወገን ነው፤ በኢንተርኔት የሚደውል አጭበርባሪ የሌላ ሰው ቁጥር አስመስሎ ሊልክ ይችላል። ለዚህ ሲሙ እጁ ላይ መኖሩ ግድ አይደለም፤ ስለዚህ ሲም ብንቀይርም ለውጥ አያመጣም።

ላገኘሁት ደንበኛ ሁሉ «ዝጉና እናንተው መልሳችሁ ደውሉላት» እላለሁ፤ ያኔ የምታነሳው እሷ ናትና። ግን ሐረርና ጅግጅጋ ያሉትን ሁሉ አላዳረስኩም። አንዲት ሴት ብር ልካለት «ልጅሽ ገንዘቤን በላ» እያለች ነው። ገንዘቡ አንድ ነገር ነው፤ እናቴ በዚህ ዕድሜዋ በሰው ፊት ስሟ መነሳቱ ግን አንገብግቦኛል።

ይህ የደረሰበት ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ። ፖሊስ ጋ ስንሄድ የእናቴ የጥሪ ዝርዝር ብቻ ይበቃል፣ ወይስ የተደወለላቸውም የየራሳቸውን ያውጡ? ብሩ የገባበትን ሂሳብ ለማሳገድስ ባንኩ ምን ይጠይቃል? ቁጥሩን መቀየር አንችልም፤ ዱቤዋን ሁሉ የምትሰበስበው በእሱ ነው።