በጎቼና ፍየሎቼ ከተረጩ በኋላ ማከካቸውን ለምን አላቆሙም?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። አንዲት የምትታለብ ላም፣ ጥቂት በጎችና ፍየሎች በአንድ በረት አሳድራለሁ። ላሟ በጡቷና በጭራዋ ሥር መዥገር ስለበዛባት ሁሉንም በአሚትራዝ ረጨኋቸው፤ መዥገሩም ረገፈ። በጎቹና ፍየሎቹ ግን ለጥቂት ቀናት ፋታ ካገኙ በኋላ እንደገና ግድግዳ ላይ ይታከካሉ፣ ጠጉራቸውን ይነጫሉ። በአንዳንድ ፍየሎች ጆሮና አፍንጫ ዙሪያ ቆዳው ወፍሮ ቅርፊት ይዟል። መጠኑን ጨምሬ ልድገመው ወይስ መርፌ ይሻላል?

የመጀመሪያ መልስ፦
መጠኑን አይጨምሩ። ሁለት የተለያዩ ችግሮች ያሉ ይመስለኛል። የበጎቹን ጠጉር ፀሐይ ላይ ከፈል እያደረጉ ይመልከቱ፤ ቅማል ከሆነ በዓይን ይታያል፣ ቅጫሙም ከጠጉሩ ጋር ተጣብቆ ይገኛል። ርጭቱ ቅማሉን እንጂ ቅጫሙን ስለማይገድል፣ አዲስ የተፈለፈሉት በተራቸው እንቁላል ከመጣላቸው በፊት፣ ማለትም ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ መደገም ይኖርበታል። የፍየሎቹ ቅርፊት ግን እከክ ሳይሆን አይቀርም። የእከክ ተውሳክ በባዶ ዓይን የማይታይና ቆዳ ውስጥ እየቦረቦረ የሚኖር በመሆኑ፣ ቅርፊቱ በሳሙና ውኃ ካልለሰለሰና ካልተነሣ መድኃኒቱ በደንብ አይደርስበትም። እርግጠኛ ለመሆን ባለሙያ ከቁስሉ ዳር ፍቆ በማይክሮስኮፕ ቢያየው ጥሩ ነው። እከክ በሰው ቆዳም ላይ ማሳከክ ስለሚያስከትል ሲነኳቸው ጓንት ያድርጉ።

ሁለተኛ መልስ፦
እኔ እንደማየው ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም። አይቨርሜክቲን በመርፌ ቢሰጡ ሁሉንም ይጠርጋል፤ ቅርፊቱ ላይ ደግሞ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቢቀቡት ቶሎ ይነሣል።

ሦስተኛ መልስ፦
ከላይ በተሰጠው አስተያየት በከፊል ብቻ እስማማለሁ። አይቨርሜክቲን በኪሎ ግራም ክብደት 0.2 ሚሊ ግራም ታስቦ ከቆዳ ሥር ሲወጋ ለእከክና ደም ለሚመጥ ቅማል ይሠራል፤ ቆዳና ጠጉር እያኘከ የሚኖረውን ቅማል ግን በሚገባ አያጠፋውም፤ የበጎቹ ቅማል ይህ ዓይነት ከሆነ መርፌው ሳይፈይድ ይቀራል። በተጨማሪም መድኃኒቱ ወደ ወተት ስለሚወጣ ለምትታለበው ላም ሳያማክሩ አይስጡ። የተቃጠለ ዘይት ቆዳን የሚያቆስልና መርዛማ ነገሮች ያሉበት በመሆኑ በጭራሽ አልመክረውም።

ርጭቱን ሲደግሙ የጠርሙሱን መመሪያ ይከተሉ፤ 12.5 በመቶ የሆነው አሚትራዝ ለመዥገር ብዙውን ጊዜ በ1 ሊትር ውኃ 2 ሚሊ ሊትር ይበጠበጣል። ቀጥኖ ቢረጭ የተረፉት መዥገሮች መድኃኒቱን እየተላመዱት ይሄዳሉ። ጀርባውን ብቻ አርሶ መተው ከንቱ ድካም ነው፤ መዥገር የሚደበቀው በጆሮ ውስጥ፣ በብብት፣ በብሽሽትና በጡት ዙሪያ ነው። በእጅ የሚለቅሙትንም መሬት ላይ አይጣሉ፤ ደም የጠገበች አንዲት ሴት መዥገር በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለችና በእሳት ያቃጥሏቸው።

ከሁሉም በላይ፣ የሚያክኩትንም የማያክኩትንም በአንድ ቀን ያክሙ፤ አንድ ያልታከመ ፍየል መንጋውን መልሶ ይበክላል። በረቱን የሚጋራ አህያ ወይም ፈረስ ካለዎት ግን አሚትራዝ እንዳይነካው ይጠንቀቁ፤ የአንጀታቸውን እንቅስቃሴ ያስተጓጉላል።