ከሳይክል ወርጄ ስሮጥ ዳሌዬ ይያዛል

ጥያቄ (ባሕር ዳሬው)፦ ጠዋት ጠዋት በጢስ ዓባይ መንገድ ሳይክል ነድቼ እመለስና ወዲያው እሮጣለሁ። ስነዳ መቀመጫዬ ይቃጠላል፤ ስወርድ ደግሞ የቀኝ ዳሌዬ ብሽሽቴ ጋ ተይዞ ያስነክሰኛል። ወፍራም የስፖንጅ ኮርቻ ገዝቼ ጭራሽ ባሰብኝ። ምን ይሻላል?

ጠጋኙ፦ ወንድሜ፣ ስፖንጅ ያታልላል። የመቀመጫህ አጥንት ይሰምጥና መሃል ያለው ሥጋ ይጨፈለቃል። ጠንከር ያለ፣ ለአጥንትህ ስፋት የሚበቃ ኮርቻ ፈልግ። ከፍታውንም እይ፤ ተረከዝህ ፔዳሉ ላይ ሆኖ ታች ሲደርስ እግርህ ቀጥ ማለት አለበት። ከኋላህ ሰው ይይህ፤ ዳሌህ ግራ ቀኝ ከተወዛወዘ ኮርቻው ከፍ ብሏል፣ 5 ሚሊሜትር ያህል አውርደህ ሞክር።

ሯጯ፦ የሳይክል ቁምጣ ከለበስክ ከሥሩ ፓንት አይደረግም! የሚልጥህ የፓንቱ ስፌት ነው። ዳሌህ ደግሞ ጎንበስ ብለህ ስትነዳ ታጥፎ ይቆያል፤ ወርደህ ወዲያው ስትዘረጋው ይይዝሃል። መጨረሻ ላይ ማርሽ አቅልለህ ንዳ፣ ስትወርድ ትንሽ ተራመድ፣ ከዚያ በአጭር እርምጃ ጀምር።

ባሕር ዳሬው፦ የፓንቱን ነገር እስካሁን የነገረኝ የለም 😂 ኮርቻውን ዛሬውኑ አወርደዋለሁ።

ጠጋኙ፦ መደንዘዝ ካለ ግን በቁምጣ አታልፈው፣ ሐኪም ይይህ።