ሠሪው ያልታወቀ ኮሚክ ያለ ፈቃድ ይሰራጭ?

የድሮ ገጽ፦
ለክርክር የማቀርበው ጥያቄ ከአንድ ግኝት የተነሣ ነው። ከአሮጌ መጽሔቶች ክምር ውስጥ በጥቁርና ነጭ በፎቶ ኮፒ የተባዛ፣ 24 ገጽ ያለው፣ ሁለቱ የስቴፕለር ሽቦዎቹ የዛጉ ኮሚክ አገኘሁ። ታሪኩ ጥላው ከድቶት በሌላ ሰው ቤት ስለ ተቀጠረ አንድ ሰዓት ጠጋኝ ነው። ሰውየው ጥላውን ለማስመለስ የሚያደርገው ድርድር በውድ ወረቀት ከታተሙ ብዙ የልዕለ ጀግና ታሪኮች ይልቅ አስቆኛል፤ አሳዝኖኛልም። የሠሪው ስም የለበትም፤ በጀርባ ሽፋኑ ላይ ሦስት ፊደላትና አንድ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ብቻ ይነበባሉ። እኔም ገጾቹን በሙሉ ስካን አድርጌ ማንም በነጻ እንዲያነባቸው ላሰራጫቸው አስቤአለሁ። በየትኛውም መደብር የማይሸጥ ሥራ ቢነበብ ከማን ኪስ ምን ይጎድላል? አይገባም የምትሉ ካላችሁ ምክንያታችሁን ልስማ። (ዓመታትን የምትጠቅሱ ሁሉ እንዳንምታታ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጥቀሱልኝ።)

ቀለም በጥብጥ፦
አይገባም ከሚሉት አንዷ እኔ ነኝ፤ የምናገረውም ኮሚክ ሠርቼ፣ በገዛ ገንዘቤ አባዝቼ፣ በእጄ አጥፌ የሸጥሁ ሰው ሆኜ ነው። «ከገበያ የጠፋ» የሚለው አነጋገር ለትልቅ አሳታሚ ትርጉም ይኖረው ይሆናል፤ 150 ቅጂ አባዝቶ ለ150 ሰው ያደረሰ ሠዓሊ ግን ሥራውን አልጣለውም፤ ሊያደርሰው የፈለገውን ያህል አድርሶ ጨርሷል። እኔ በወጣትነቴ የሠራሁት፣ አንድ ዘመዴን ስሙን ብቻ ቀይሬ ክፉኛ የሣልሁበት ኮሚክ ነበር። ሁለተኛ ላላሳትመው ከወሰንሁ ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ቅን አንባቢ ስካን አድርጎ ለቀቀው። እንዲያነሣው ስጠይቀው ይቅርታ ጠይቆ በዚያው ዕለት አነሣው፤ ዘመዴ ግን አስቀድሞ አንብቦት ነበር። ከኪሴ አንድም ሳንቲም አልጎደለም፤ የጎደለው ሌላ ነገር ነው።

የኮሚክ ታሪክም ቢሆን ሠሪው ሳይጠየቅ ሥራው የሌላ ሰው የሆነበት ታሪክ ይበዛበታል። ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የሱፐርማንን መብት በ1938 የሸጡት በ130 ዶላር ነበር፤ ስማቸው በሥራው ላይ የተመለሰውና መጠነኛ ጡረታ የተቆረጠላቸው ከብዙ ክርክር በኋላ በ1975 ነው። በአንጻሩ ኬቨን ኢስትማንና ፒተር ሌርድ የኒንጃ ኤሊዎቻቸውን የመጀመሪያ ቁጥር በ1984 ራሳቸው 3 ሺህ ያህል ቅጂ ስላሳተሙ ባለቤትነቱ በእጃቸው ቀረ። ሠሪው ራሱ የሚያሳትመው ኮሚክ ትርጉሙ ይኸው ነው፤ ማለትም ሠሪው «እሺ» ወይም «እምቢ» የማለት ሥልጣን አለው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ የምትወዱን አንባቢዎች ሳታውቁት እንዳትንቁን እሰጋለሁ።

ብራና፦
እኔ አሮጌ ወረቀት በሚጠበቅበት ቦታ የሠራሁ ሰው ነኝ፤ እኅታችን የተናገሩትን ሳላቃልል የወረቀቱን ጉዳይ ልጨምርበት። ርካሽ ኮሚክ የሚታተምበት ወረቀት ከእንጨት ፍጭ የሚሠራና ሊግኒን (የእንጨቱን ክር የሚያያይዝ ንጥረ ነገር) የበዛበት በመሆኑ ብርሃንና አየር ሲነኩት ይቢጫል፤ በውስጡ ያለው አሲድም ቀስ በቀስ ክሩን ስለሚቆራርጠው በመጨረሻ ገጹ ሲገልጡት ይሰበራል። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ያለው ሰው የጋዜጣ ወረቀት አላየም ማለት ነው።

ከወረቀቱ ድክመት በላይ ደግሞ የሰው እጅ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ለጦርነቱ በተደረገው የወረቀት ማሰባሰብ ዘመቻ ስፍር ቁጥር የሌለው ኮሚክ ተፈጭቷል። በ1948 ኮሚክ ልጆችን ያበላሻል በሚል በቢንግሃምተንና በሌሎች ከተሞች ልጆቹ ራሳቸው ሰብስበው እንዲያቃጥሉት ተደርጓል። ቤተ መጻሕፍትም ንጹሕ አይደሉም፤ ጋዜጦችን በጥቁርና ነጭ ማይክሮፊልም ካነሡ በኋላ ዋናውን ቅጂ ሲያስወግዱ የእሑድ ኮሚኮች ቀለም አብሮ ጠፍቷል። ያን ጊዜ ቢል ብላክቤርድ የሚባል ሰው ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተወገዱትን ጋዜጦች እየለመነና እየጫነ መኖሪያ ቤቱን እስኪሞሉት ድረስ ሰበሰበ። ስብስቡ በ1990ዎቹ መጨረሻ ወደ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሲዛወር 75 ቶን ያህል ይመዝን ነበር። ዛሬ የጥንት ኮሚኮች በሙሉ ቀለማቸው እንደገና መታተም ከቻሉበት ምክንያት አንዱ ይህ ሰው ነው። ስለዚህ እኔ «ስካን አይደረግ» የሚለውን አልቀበልም። ማስቀረትና ማሰራጨት ግን ሁለት ልዩ ልዩ ተግባራት ናቸው፤ ብላክቤርድም ጋዜጦቹን ያስቀረው የማንንም ፈቃድ ሳይጥስ ነው።

የድሮ ገጽ፦
ማስቀረት ብቻውን ለማን ይጠቅማል? ፍሌቸር ሃንክስ የሚባለውን ኮሚክ ሠሪ ተመልከቱ። ይህ ሰው ከ1939 እስከ 1941 ድረስ ብቻ ስታርደስት ስለሚባል ጨካኝ ጠንቋይና ፋንቶማ ስለምትባል የጫካ ጠባቂ ሠርቶ ከሙያው ጠፋ፤ በ1976 ኒው ዮርክ ውስጥ በመናፈሻ ወንበር ላይ ሞቶ ተገኘ። የሥዕሎቹ ሰዎች አካላቸው የተጣመመ ነው፤ ቅጣቶቹም በሕልም እንኳ የማይታሰቡ ዓይነት ናቸው። ፖል ካራሲክ ሥራዎቹን አሰባስቦ በ2007 በመጽሐፍ ባያወጣቸው ኖሮ ከጥቂት ሰብሳቢዎች በቀር ማን ያውቀው ነበር? እንዲህ ያለው እንግዳ ሥራ ነፍስ የሚዘራው ሲነበብ ነው። የኔ ሰዓት ጠጋኝም በፖስታ ውስጥ ታሽጎ ቢቀመጥ ከመቃጠል የሚለየው በጥቂቱ ነው።

አንቀጽ፦
ወንድሜ የመረጡት ምሳሌ ክርክርዎን የሚረዳ አይመስለኝም። አሜሪካ ውስጥ ከ1964 በፊት የታተመ ሥራ የቅጂ መብቱ በ28ኛው ዓመት ካልታደሰ የሕዝብ ሀብት ይሆን ነበር፤ የሃንክስን ሥራዎች እንደገና ማተም የተቻለውም ከዚህ የተነሣ ነው። የእርስዎ ግኝት ዕድሜው ካነሰ በዚህ ደንብ አይገዛም። በአሁኑ ሕግ ጥበቃው ያለ ምዝገባ በራሱ ይጀምራል፤ በአሜሪካም በአውሮፓ ኅብረትም ደራሲው ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ይዘልቃል። ሠሪው ራሱን በፊደላት ብቻ ከገለጸ አቆጣጠሩ ይለያል እንጂ ጥበቃው አይቀርም። በፎቶ ኮፒ የተባዛች 24 ገጽና የአንድ ግዙፍ ኩባንያ ገጸ ባሕርይ በሕግ ፊት እኩል መቆማቸው ያስገርማል፤ ቢያስገርምም ሕጉ ይኸው ነው።

ባለቤታቸው ለማይገኝ ሥራዎች መንገድ ለማበጀት የሞከሩ አሉ። የአውሮፓ ኅብረት በ2012 ያወጣው መመሪያ ለቤተ መጻሕፍት፣ ለሙዚየሞች፣ ለቤተ መዛግብትና ለመሰሎቻቸው ብቻ በጥንቃቄ ፈልገው ካጡ ሥራውን ለሕዝብ እንዲያሳዩ ይፈቅዳል፤ ባለቤቱ ሲመጣ ማስቆምና ካሣ መጠየቅ ይችላል። ብሪታንያ በ2014 በጀመረችው አሠራር ግለሰብም ቢሆን ፍለጋውን አስረድቶ፣ ከፍሎ ፈቃድ ማውጣት ይችላል። አሜሪካ ውስጥ በ2008 ለምክር ቤት የቀረበው ረቂቅ ሳይጸድቅ ቀርቷል።

ይሁን እንጂ ክርክርዎን የሚረዳውን ምሳሌ ራሴ ልስጥዎ። ሚራክልማን የሚባለው ኮሚክ ባለቤት አጥቶ አልጠፋም፤ የጠፋው ባለቤት ነኝ ባይ በዝቶበት ነው። የመጨረሻው ቁጥር በ1993 ከወጣ በኋላ በመብት ክርክር ታስሮ እስከ 2014 ድረስ እንደገና አልታተመም። ለሃያ ዓመት ያህል አንባቢው ገንዘብ ይዞ እንኳ አዲስ እትም መግዛት አልቻለም። በዚያ ጊዜ ስካኑን ያነበበ ሰው ሌባ ነው ለማለት አንደበቴ ይከብዳል።

ቀለም በጥብጥ፦
ታሪኩን ሳይጨርሱት ተዉት። ማርቬል የተባለው አሳታሚ በ2014 እንደገና ሲያሳትመው ጸሐፊው አለን ሙር ስሙ እንዲወጣበት አልፈቀደም፤ መጽሐፉ ላይ የተጻፈው «ዋናው ጸሐፊ» ተብሎ ነው። ሰውየው ሕትመቱን ማስቆም ባይችል እንኳ ስሙን የመከልከል መብቱ ተከብሮለታል። ስካን የሚያሰራጨው ሰው ይህንኑ እንኳ አይጠይቅም።

ቀጭን መስመር፦
ሁላችሁም ሠዓሊው ይጎዳል ከሚል መነሻ ተነሥታችኋል። ከጄፍ ፓርከር ጋር አንደርግራውንድ የተባለውን ኮሚክ የሠራው ስቲቭ ሊበር በ2010 ሥራው በሙሉ በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ተሰቅሎ ሲያገኘው አልተቆጣም፤ በዚያው ቦታ ገብቶ ከአንባቢዎቹ ጋር መጨዋወት ጀመረ። በማግስቱ የመጽሐፉ ሽያጭ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ዘለለ፤ በኋላም ራሱ በነጻ እንዲነበብ አደረገው። ለትንሽ ሠዓሊ ከመሰረቅ ይልቅ አለመታወቅ ይጎዳዋል።

ቀለም በጥብጥ፦
ይህ ምሳሌ ለእኔ ይመሰክራል። ሊበር በሕይወት ነበረ፣ ተገኘ፣ የሚሸጥ መጽሐፍ ነበረው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የወሰነው እርሱ ራሱ ነው። በነጻ መስጠትን የመረጠ ሠዓሊ ሌላው ሳይጠየቅ እንዲሰጥበት ማስረጃ ሊሆን አይችልም። እኔም ከኮሚኮቼ ሁለቱን በነጻ አስነብባለሁ፤ ሦስተኛውን ለምን እንደማላስነብብ ግን ለማንም የማስረዳት ግዴታ የለብኝም።

አንባቢ ብቻ፦
ሕጋዊው መንገድ ያስቀራል የሚል ካለ ይህን ብቻ ልበል። ጄማንጋ የሚባለው በኢንተርኔት የሚነበብ የጃፓን ኮሚክ መሸጫ በ2013 ሲዘጋ ገንዘብ የከፈሉት አንባቢዎች የገዟቸውን መጻሕፍት ሁሉ አጥተዋል፤ ከግንቦት መጨረሻ በኋላ አንድም ገጽ አይከፈትም ነበር። ወረቀት እንኳ ሲሰበር ያስጠነቅቃል።

ብራና፦
ወደ ሰዓት ጠጋኙ እንመለስ፤ ክርክራችን ስለ ሁሉም ኮሚክ ከሆነ አያልቅም። የድሮ ገጽ ሆይ፣ ከማሰራጨትዎ በፊት ምን ያህል ፈለጉ? በ1982 የተጀመረው ፋክትሺት ፋይቭ የተባለው መጽሔት በየቁጥሩ እንዲህ ያሉ በቤት የተባዙ ኅትመቶችን እየገመገመ የላኪውን አድራሻና ዋጋውን ያትም ነበር። የያዙት የፖስታ ሣጥን ቁጥር በድሮዎቹ ቁጥሮች ውስጥ ከሙሉ ስም ጋር ሊገኝ ይችላል። ከ1994 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራው ግራንድ ኮሚክስ ዳታቤዝም አለ፤ እዚያ ሽፋንና ዝርዝር መረጃ ይመዘገባል እንጂ የውስጥ ገጾች በሙሉ አይሰቀሉም። ያ አሠራር ለእኔ ይበቃኛል፤ መኖሩ ይታወቅ፣ ሠሪውም የገዛ ሽፋኑን አይቶ «የኔ ነው» የሚልበት በር ይከፈት። ሙሉው ስካን በጥሩ ጥራት ተነሥቶ፣ ወረቀቱ ራሱም አሲድ በሌለው ማቀፊያ ውስጥ ይቀመጥ። ፍለጋው ያለ ፍሬ ከቀረ አንድ ቀን በሙሉ መነበብ አለበት የሚለውን ግን እኔም አምናለሁ፤ በዚህ ከቀለም በጥብጥ ጋር እንደማንስማማ አውቃለሁ።

ቀለም በጥብጥ፦
አንስማማም። ዝምታ ፈቃድ አይደለም፤ ሠሪው ሞቶ ከሆነም ወራሾች ይኖሩታል።

አንቀጽ፦
ወራሾቹም የወረሱትን የማያውቁ ከሆነስ? በተግባር የሚበዛው ይኸው ነው። ያም ሆኖ ፍለጋው በጽሑፍ ይያዝ፤ የት የት እንደ ፈለገና መቼ እንደ ፈለገ የመዘገበ ሰው ነገ ባለቤቱ ሲመጣ የሚያሳየው ነገር አለው።

የድሮ ገጽ፦
ከጠበቅሁት በላይ አስቸግራችሁኛል። እስካሁን የፈለግሁት ሦስቱን ፊደላት ኮምፒዩተር ላይ በመጻፍ ብቻ እንደ ነበረ ሳላፍር እናገራለሁ። የፖስታ ሣጥኑ ዛሬ የሌላ ሰው ቢሆንም ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ የድሮዎቹን የመጽሔት ቁጥሮችም እፈልጋለሁ። ማሰራጨቱን ለጊዜው ትቼዋለሁ፤ ለዘላለም ግን አላልሁም።

አንድ ያልነገርኋችሁ ችግር አለ። የ17ኛው ገጽ የታችኛው ማዕዘን ተቀዷል። ሰዓት ጠጋኙ ጥላውን «ከእኔ ጋር ምን ጎደለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ የጥላው መልስ ያለበት የንግግር ክብ ከነጅራቱ የለም። በሚቀጥለው ገጽ ሰውየው ቁጭ ብሎ እያለቀሰ ነው። መልሱ በሌላ ቅጂ ላይ ካልሆነ በቀር የትም የለም፤ ሌላ ቅጂ ያለው ሰው ደግሞ ገጹን ካላየ ያ ኮሚክ በእጁ እንዳለ እንዴት ያውቃል?

ቀለም በጥብጥ፦
ሽፋኑንና 17ኛውን ገጽ አሳዩ። ሠሪውን ካገኛችሁት መጀመሪያ እርሱን ጠይቁልኝ፤ ጥላው ምን አለ?