«ጭሰኛ» ወይስ «እኩል አራሽ»?

ጠያቂ፦ ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ክፍላተ ሀገር ስለነበረው የጥጥ እርሻ የሚተርክ ጽሑፍ እየተረጎምሁ ነው። የሰው መሬት ይዞ ምርቱን የሚያካፍለውን ገበሬ «ጭሰኛ» ብዬ ጀመርሁ፤ ግን አላረካኝም።

አንድ አባል፦ ይተዉት። ጭሰኛ ሲባል የባላባቱ ግብር፣ የበዓል ሙክቱ፣ የጉልበት ግዴታው ሁሉ ተከትሎ ይመጣል። የሚሲሲፒው ወይም የጆርጂያው አራሽ ቢያንስ በወረቀት ነጻ ሰው ነው፤ ከዓመት ዓመት የሚዋዋል። «እኩል አራሽ» ይበሉት። መሬቱ፣ በቅሎው፣ ማረሻውና ዘሩ የባለመሬቱ ከሆኑ ምርቱ እኩል ይከፈል ነበር።

ሌላ አባል፦ የራሱ በቅሎ ያለው ግን እኩል አይሰጥም። የተለመደው ለባለመሬቱ ከበቆሎው ሲሶ፣ ከጥጡ እርቦ (ሩብ) ነበር። ጽሑፉ ሁለቱን ከለየ እርስዎም ይለዩ፤ እኩል፣ ሲሶ፣ እርቦ የሚል ቋንቋ እያለን ሁሉንም «ተከራይ» ብሎ መጠቅለል ስንፍና ነው። «መጋዞ»ም (የሰው መሬት አርሶ ምርቱን መካፈል) ጥሩ ቃል ነበር፤ ሁሉም አገር ግን አይሰማውም።

ጠያቂ፦ በዓመቱ መጨረሻ አራሹ ባለዕዳ ሆኖ ይገኛል። «ዕዳ ከሜዳ» ብለው ያስኬዳል?

የመጀመሪያው አባል፦ አያስኬድም። ዕዳ ከሜዳ ሳያስቡት የሚወድቅብዎ ነው፤ ይህኛው ግን መስመር በመስመር የተጻፈ ነው። ባለሱቁ በመጋቢት መዝገብ ይከፍታል፤ ዱቄት፣ ጨው የገባው የአሳማ ሥጋ፣ ላምባ በዱቤ ይሰጣል። የዱቤው ዋጋ ከእጅ በእጁ ይበልጣል፤ መያዣውም ገና ያልበቀለው ጥጥ ነው። በመከር ጥጡ ተለቅሞ፣ ተዳምጦ፣ ተመዝኖ የባለመሬቱ ድርሻ ይነሣል፤ ከአራሹ ድርሻ ላይ ደግሞ ዱቤው። እ.ኤ.አ. በ1894 የአንድ ፓውንድ ጥጥ ዋጋ ከ6 ሳንቲም በታች ወርዶ ነበር፤ ምን ሊተርፈው? ብዙዎቹ አራሾች ደግሞ ማንበብ ስለማይችሉ መዝገቡ ያለውን ማመን ነው። ያልተከፈለው ለከርሞ ይጻፋል። እንግዲህ «ከአምና የዞረ ዕዳ» ነው የሚባለው።

ሌላ አባል፦ ከባርነት የወጡት ጥቁሮች ብቻ የነበሩበት አያስመስሉት፤ መሬት ያጡ ብዙ ነጮችም እዚያው ውስጥ ነበሩ። ደግሞም ልማድ አሸንፎዎት በቅሎውን በሬ እንዳያደርጉት።