የቀሚስ ፎቶ ዌብፒ ሳደርገው ቀዩ ጥለት ይለቃል፣ ምን ይሻላል?

የሽሮሜዳዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አክስቴ ሽሮ ሜዳ ሀበሻ ቀሚስ ትሸጣለች፣ እኔ ደሞ ኤችቲኤምኤል እየነካካሁ ዌብሳይት ሰርቼላታለሁ። ችግሩ የፊተኛው ገጽ ላይ 14 ፎቶ አለ፣ ሁሉም በስልክ የተነሳ 4000 በ3000 ነው፣ አንዱ ብቻውን 4 ሜጋ ምናምን ይሆናል፣ በዳታ ስከፍተው ቡና ተፈልቶ ሶስተኛው ይደርሳል በቃ 😅 ከዛ ኦንላይን ሁሉንም ዌብፒ ወደሚባለው ቀለል ያለ የፎቶ ፎርማት ቀየርኩት፣ ቀለል አለ ግን ቀዩ ጥለት ጠርዝ ጠርዙ ላይ ነጩ ውስጥ የገባ መሰለ። አክስቴ አይታው "ይሄ እኮ ታጥቦ ቀለም የለቀቀ ነው የሚመስለው፣ ማን ይገዛኛል" አለችኝ። ኳሊቲውን 95 ሳደርገው ፋይሉ ተመልሶ አበጠ፣ ጥለቱም ያው ነው። ኤቪአይኤፍ የሚባለው ሌላ የፎቶ ፎርማት ይሻላል ሲባል ሰምቻለሁ፣ የሞከረ አለ? ቆየት ያለ ስልክስ ይከፍተዋል?

ፒክስል ቆጣሪ፦
እህት መጀመሪያ ፎርማቱን ተዪውና ሳይዙን ቀንሺ። 4000 በ3000 ማለት 12 ሚሊዮን ፒክስል ነው። ስልክ ላይ ፎቶው የሚይዘው ቦታ ወርዱ 400 ፒክስል አካባቢ ነው፣ ስክሪኑ ጥርት ያለ ስለሆነ እጥፍ አርጊውና 800 በ600 በይ፣ እሱ 480 ሺ ፒክስል ነው፣ ስለዚህ ማንም የማያየውን 25 እጥፍ በሰው ካርድ እየላክሽ ነው ያለሽው። እሱን ሳታስተካክዪ ስለ ኳሊቲ ማውራት ትርፉ ድካም ነው።

አቋራጭ፦
ሁሉንም ኤቪአይኤፍ ኳሊቲ 50 አርጊና ተገላገዪ

ሌሊት ኮደር፦
@አቋራጭ ለመልክዓ ምድር ፎቶ ቢሆን እሺ፣ ለሸማ ግን አይሆንም፣ ኤቪአይኤፍን ዝቅ ስታደርገው ደቃቅ ነገር ማለስለስ ይወዳል፣ ፈትሉ ጠፍቶ ቀሚሱ ፕላስቲክ ይመስላል። ደሞ የጄፔግ 80 እና የኤቪአይኤፍ 80 አንድ አይደሉም፣ ሁሉም በየራሱ ሚዛን ነው የሚለካው።

@የሽሮሜዳዋ 95 ያላዳነሽ ነገሩ የኳሊቲ ስላልሆነ ነው። ዌብፒ ሎሲ ሲሆን (ፋይሉን ለማቅለል ከፎቶው የተወሰነ ነገር ሲጥል) ብርሃኑን ለእያንዳንዱ ፒክስል ይይዛል፣ ቀለሙን ግን ለ4 ፒክስል አንድ ብቻ ነው፣ 4:2:0 የሚሉት እሱን ነው፣ ሌላ ምርጫም የለውም። የሰው ፊት ላይ ቢሆን ልብ አትዪውም፣ ነጭ ላይ ያለ ቀጭን ቀይ ላይ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ አክስትሽ ዓይን አላት። ስኩሽ የምትባል ነፃ መሳሪያ አለች፣ እዛው ብራውዘርሽ ውስጥ ነው የምትሰራው ፎቶሽ የትም አይሄድም፣ እሷ ላይ ኤቪአይኤፍ ምረጪና የቀለም መቀነሻውን አጥፊው፣ ማለት 4:4:4 ይሆናል፣ ለእያንዳንዱ ፒክስል የራሱ ቀለም። ከዛ ጥለቱን ዙም አርገሽ ዋናውንና የተቀነሰውን ፎቶ የሚለየውን የመሀሉን መስመር ግራ ቀኝ እየጎተትሽ እያየሽ ኳሊቲውን ቀስ እያልሽ አውርጂ፣ ፈትሉ መጥፋት ሲጀምር ትንሽ መልሰሽ ቁሚ። ቁጥሩን እርሺው።

ስልክ ለተባለው ክሮም እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ኤቪአይኤፍ ይከፍታል፣ አይፎን ግን አይኦኤስ 16 ይፈልጋል፣ አይፎን 7 ደሞ 15 ላይ ነው የቆመው። ስለዚህ ፒክቸር ታግ ውስጥ (አንዱን ፎቶ በተለያየ ፎርማት የምትደረድሪበት የኤችቲኤምኤል ኮድ) መጀመሪያ ኤቪአይኤፍ፣ ቀጥሎ ዌብፒ፣ መጨረሻ ጄፔግ አርጊ። ብራውዘሩ ከላይ ወደ ታች አይቶ የሚያውቀውን የመጀመሪያውን ነው የሚያነሳው፣ ዌብፒውን ካስቀደምሽ ኤቪአይኤፉን ማንም አያየውም፣ እኔ ራሴ አንዴ እንደዛ አርጌ ሁለት ቀን ተናድጃለሁ። ሊንኩ ቴሌግራም ላይ ሲጋራ የምትወጣዋን ፎቶ ግን ጄፔግ አርገሽ ተያት።

የሽሮሜዳዋ፦
ኧረ ተባረኩ! 800 አድርጌ፣ 4:4:4፣ ኳሊቲ 63 ላይ ቆምኩ፣ 4 ሜጋ የነበረው 90 ኬቢ አካባቢ ሆነ፣ 14ቱም ተደምረው ከ1 ሜጋ ትንሽ ቢበልጡ ነው። አክስቴ ቀዩን አይታ ዝም አለች፣ እሷ ዝም ካለች ወደደችው ማለት ነው 😂 አንድ ነገር ብቻ፣ ከላይ ያለችው ትልቋ ፎቶ አሁንም ከሌሎቹ ዘግይታ ነው የምትመጣው።

ፒክስል ቆጣሪ፦
ሁሉም ላይ ሌዚ ሎዲንግ (ፎቶው ሊታይ ሲል ብቻ እንዲጫን የሚያደርገውን) አርገሻል እንዴ?

የሽሮሜዳዋ፦
አዎ 🙈

ፒክስል ቆጣሪ፦
ከላይኛዋ ላይ አንሺው፣ ሌዚ ገና ስክሮል ሲደረግ ለሚታዩት ነው። ሁሉም ላይ ደሞ ወርድና ቁመታቸውን ጻፊ፣ ካለዚያ ፎቶው በገባ ቁጥር ጽሁፉ ይዘላል።