ቪትዝ ሸጬ ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ልገዛ ነው፤ ለአምስት ሰው የቱ ይሻላል?

የልደታው

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው፤ አራተኛ ፎቅ። ባለቤቴና ሦስት ልጆች አሉኝ። ትልቁ ቁመቱ እኔን ሊደርስ ነው፣ ትንሿ ገና በልጆች ወንበር ነው የምትታሰረው። ያለችን መኪና ቪትዝ ናት። ሞተሯ ላይ ምንም የለባትም። ግን የቤንዚን ሰልፍ ሰለቸኝ፤ የኋላ ወንበር ላይ ደግሞ ጠዋት ጠዋት የክርን ጦርነት ነው።

ቪትዟ ተሸጣ፣ ያጠራቀምናት ተጨምራ 2.6 ሚሊዮን ብር አካባቢ ትሆናለች። ብድር ውስጥ መግባት አልፈልግም።

መንገዳችን ይሄ ነው። ልጆቹን ስድስት ኪሎ፣ ባለቤቴን ካዛንቺስ፣ ከዚያ እኔ ለገሃር። ማታ ያው በተቃራኒው። ሁሉም ተደምሮ ከ35 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። አልፎ አልፎ አዳማ አማቴ ጋ እንሄዳለን፤ አምስታችንም፣ ዕቃ ጭነን። ስንመለስ ደግሞ የባሰ ዕቃ ጭነን፤ አማቴን አታውቋትም።

ደላላው ሦስት መኪና አሳይቶኛል። የ2023 ቢዋይዲ ሲጋል፣ የ2022 ቢዋይዲ ዶልፊን እና የ2022 ቻንጋን ኢ-ስታር። ሲጋሏ እንደ አዲስ ናት፤ ኪሎ ሜትሯም ትንሽ ነው። «ዛሬ ካልያዝካት ነገ የለችም» እያለኝ ነው። ዶልፊኑ ብዙ ሄዷል፣ በር ላይ ጭረት አለበት፣ በጀቴንም ጥግ ያስነካል። ልቤ ወደ ሲጋሏ ነው።

ባትሪ መድከም አለመድከሙ በምን ይታወቃል? ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ሰዎችስ የት ነው ቻርጅ የምታደርጉት? አዳማ ደርሶ መመለስስ ያስተማምናል?

ኮድ ሁለት

ወንድሜ፣ ሲጋሏ ውስጥ ገብተህ ቀበቶዎቹን ቆጥረሃል? አራት ናቸው። ከኋላ የሁለት ሰው መቀመጫ ነው ያላት። ሦስተኛውን ልጅ የት ልታደርገው ነው? ደላላው ይሄን አልነገረህም ማለት ነው።

የልደታው

እውነትም አልነገረኝም! ሦስቱም ይቀመጣሉ ብዬ ነበር። በቃ ሲጋል ወጣች። ዶልፊንና ኢ-ስታር ቀሩ።

ሽቦ በጣሽ

ሥራዬ የመኪና ኤሌክትሪክ ነው፤ ተክለሃይማኖት አካባቢ። ድሮ ዳይናሞና ሞተሪኖ እፈታ ነበር፣ አሁን ግማሹ ቀኔ በእነዚህ መኪኖች ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ፤ ሻይህን ይዘህ ተቀመጥ።

መጀመሪያ ሶኬቱን ጨርስ፤ መኪናው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ሰው መኪናውን ገዝቶ፣ አቁሞ፣ ከዚያ ነው «ጋሼ፣ የት ልሰካው?» እያለ የሚደውልልኝ። ያንተ መንገድ 35 ኪሎ ሜትር ነው። ዶልፊን የሚያህል መኪና ከተማ ውስጥ ለዚህ ከ4 እስከ 5 ኪሎዋት ሰዓት ቢበላ ነው። ወደ ስድስት ኪሎ ዳገቱ ይበላል፤ ስትወርድ ግን ሞተሩ ጀነሬተር ሆኖ የተወሰነውን ይመልስልሃል። በእጅ የሚያዘው ቻርጀር በ10 አምፒር ሲስብ 2.2 ኪሎዋት ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ግፋ ቢል ሦስት ሰዓት ተሰክቶ ቢያድር የቀኑን ተካህ ማለት ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን 7 ኪሎዋት ቻርጀር እንዳያሸጡህ። 32 አምፒር ይስባል፤ የፎቅህ መስመር አይችለውም፣ አንተም አያስፈልግህም።

ግን 10 አምፒር ሲባል አትናቀው። ምጣድ ከዚያ በላይ ይስባል ትለኛለህ። እውነት ነው። ምጣድ ግን እንጀራው ሲያልቅ ይነቀላል፤ መኪናው ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ ሊያድር ይችላል፣ የሚያየውም ሰው የለም። ስለዚህ ከራስህ ቆጣሪ የሚነሳ፣ ከሌላ ጋር ያልተቀላቀለ መስመር አስዘርጋ። ሽቦው 4 ሚሊ ይሁን፤ የራሱ ብሬከር ይኑረው፤ ሶኬቱም የኢንዱስትሪ ይሁን። በመስኮት የሚወርድ ኤክስቴንሽን ፈጽሞ አልመክርም። በተለይ ጥቅል ላይ እንዳለ ከተሰካ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ፕላስቲኩ ይቀልጣል።

ኧርዝ ላይ ደግሞ ቀልድ የለም። ኧርዝ በሌለው ሶኬት ላይ አብዛኛው ቻርጀር ቀይ አብርቶ እምቢ ይላል። ያኔ አንዱ ጎበዝ ይመጣና ኒውትራሉን ከኧርዙ ጋር አገናኝቶ «ይኸው ሠራልህ» ይልሃል። ይሠራል፤ አረንጓዴ ያበራል። ኒውትራሉ የሆነ ቦታ የተበጠሰ ቀን ግን የመኪናህ ቆርቆሮ ራሱ 220 ይሆናል፤ ልጅህ በሩን ሲይዝ አስበው። ኧርዝ ማለት መሬት ውስጥ የተቀበረ ዘንግ ነው፤ ከዚያ ውጪ ማታለል ነው።

አሁን ወደ ባትሪው። ዶልፊኑ ብሌድ የሚባለው የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ነው ያለው። ጠንካራ ነው፤ ብዙ ጊዜ ተሞልቶ ቢራገፍም ቶሎ አይደክምም። የአዲስ አበባ አየርም ለባትሪ ተስማሚ ነው፤ ሙቀቱ አያቃጥለውም። ስለዚህ ብዙ ሄዷል ተብሎ ብቻ ዶልፊኑን አትጣለው። ግን ዶልፊን ሁሉ አንድ እንዳይመስልህ። ባለ 44.9 ኪሎዋት ሰዓት አለ፣ ባለ 30.7ም አለ። ደላላው «ዶልፊን ነው» ብሎ ያልፍሃል። መኪናው አካል ላይ የተለጠፈውን የፋብሪካ ሰሌዳ ፈልግ። ጽሑፉ ቻይንኛ ነው፤ ቁጥሩ ግን ያው ቁጥር ነው። የባትሪው ቮልትና አምፒር ሰዓት ተጽፏል። ሁለቱን አባዛና ለሺህ አካፍል። 44 ከምናምን ካልመጣ ዋጋው ሌላ ነው።

ዳሽቦርዱ ላይ «405 ኪሎ ሜትር ይሄዳል» ቢልህ አትደነቅ። የቻይና መለኪያ ለጋስ ነው። ሙሉ የተሞላ ባትሪ ያንን ቁጥር ማሳየቱም ስለ ጤንነቱ ብዙ አይነግርህም። እኔ የማምነው ይህንን ነው። ባለቤቱን አስፈቅደህ መኪናውን እስከ 20 በመቶ ንዳው። ከዚያ ፈጣን ቻርጀር ላይ ውሰደውና 100 እስኪል አስሞላው። ኢትዮ ቴሌኮም ቦሌ መንገድ ላይ ያቆመው አለ፤ በቴሌብር ይከፈላል። ስክሪኑ ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደገባ ያሳያል። ባለ 44.9 ጤነኛ ባትሪ ከ20 እስከ 100 ወደ 36 አካባቢ መቀበል አለበት። 30 ላይ «ሞላሁ» ካለህ የቀረው አቅም 37 ገደማ ነው፤ ዋጋውን በዚያ ተደራደር፣ ወይም ተወው። የመጨረሻዋ ጥቂት በመቶ ቀስ ትላለች፤ ተቻኩለህ አትንቀለው። የዚህ ባትሪ መቶኛ በትክክል የሚታወቀው ጫፍ ሲደርስ ነው፤ በየሴሉ መካከል ያለው ልዩነትም ያኔ ነው ገሃድ የሚወጣው። ያኔ ስካነር ሰክተህ ብታየው ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል።

ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን በፍሬን ሸራ አትመዝነው። እነዚህ መኪኖች በሞተር ስለሚይዙ ሸራው ብዙ ኪሎ ሜትር ሄዶም አዲስ ይመስላል። መሪውን፣ የሹፌር ወንበር ጠርዙን፣ የጎማውን የምርት ቀን እይ።

ከዚያ ክሪክ ላይ አስነሳውና ሆዱን አብራበት። ባትሪው ወለሉ ሥር ነው የተኛው። ዶልፊን ዝቅ ያለ መኪና ነው፤ የሰፈራችንን የመንገድ ላይ ጉብታ ደግሞ ታውቀዋለህ። ጭረት ችግር የለውም። የተጨረመተ ወይም ወደ ውስጥ የገባ ነገር ካየህ ግን በሩ ላይ ያለው ጭረት ምን አስጨነቀህ፣ ዋናው ጉዳት እሱ ነው።

ዲዛየር

ሁላችሁም ግዛ ግዛ እያላችሁት ነው፤ እኔ አትሽጥ እላለሁ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና አይገባም። ያለችው ቪትዝ ደግማ አትመጣም። መብራቷ ቢሰበር ሶማሌ ተራ ሄደህ በአንድ ቀን ታገኛለህ። የዶልፊን የፊት መብራት ፈልግ እስቲ! ጓደኛዬ ከቻይና እስኪመጣለት መኪናው ቆሞ ከርሟል። ልጆቹ ትንሽ ይጠበቡ እንጂ።

ሽቦ በጣሽ

ስለ መብራቱ እውነት ብለሃል። እነዚህ መኪኖች ሞተራቸው አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው ቦዲው ነው። መብራት፣ መከላከያ፣ መስታወት፣ የፊት ካሜራ። ስለዚህ የልደታው፣ የተጫረውን በር ተወውና መብራቶቹ ኦሪጅናልና ሙሉ መሆናቸውን እይ። ሙሉ ኢንሹራንስም ግባበት። «ይጠበቡ» በሚለው ግን አልስማማም። በየዓመቱ እየጠበቡ አይሄዱም፤ እያደጉ ነው።

ጎተራ 3ኛ ፎቅ

እኔ ኢ-ስታር ነው የምነዳው፤ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። እወዳታለሁ። ለአንድ ሰው ወይም ለሁለት ሰውና ለአንድ ሕፃን ከተማ ውስጥ የሚያክላት የለም፤ መርካቶም ቢሆን ማቆሚያ አታጣም። ለሦስት ልጅ ግን ትጠባለች። አዳማ ደርሶ መልስም በእሷ አላስብም። ባትሪዋ 32 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ነው።

ኮንዶሚኒየም ላይ እንዴት እንዳደረግነው ልንገርህ፣ ምክንያቱም ከመኪናው ይልቅ ያደከመኝ እሱ ነው። መጀመሪያ ለኮሚቴው በቃል ነገርኳቸው። «የጋራ መብራት ልትጠቀሚ ነው» ተባለ። በደብዳቤ ጻፍኩ። ከራሴ ካርድ ቆጣሪ እንደሚነሳ፣ ወጪው የኔ እንደሆነ፣ ቱቦው ግድግዳውን እንደማያበላሽ፣ ከተጎዳም እንደማስጠግን። ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን የሣለውን ወረቀት አያይዤ። የብሎካችን ሰዎች ስብሰባ ላይ የተነሳው ዋናው ፍርሃት «ሁሉም መኪና ቢገዛ ትራንስፎርመሩ ይፈነዳል» የሚል ነበር። ከንቱ ፍርሃት አይደለም። ስለዚህ ከምሽቱ አምስት ሰዓት በፊት እንደማልሰካ ተስማማሁ፤ እራት የሚሠራበትና ምጣድ የሚጣድበት ሰዓት ካለፈ በኋላ። መኪናዋ ላይ ሰዓት መሙላት ይቻላል፤ እኔ ተኝቼ ራሷ ትጀምራለች። መሬት ላይ ያለው ሶኬት ቁልፍ ያለው ብረት ሳጥን ውስጥ ነው፤ ለዝናብም ለልጆችም።

ካርድ መሙላት እንዳትረሳ። ሌሊት ካርዱ ካለቀ ፍሪጁም መኪናውም አብረው ይቆማሉ። ፍጆታህ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ ይላል፤ ቢሆንም ከቤንዚን ጋር አይወዳደርም።

የልደታው

በጣም አመሰግናለሁ እህቴ፤ ደብዳቤውን ልክ እንደዚያ ነው የምጽፈው። ጋሽ ሽቦ፣ አዳማን አልነገሩኝም።

ሽቦ በጣሽ

እነግርሃለሁ። ከልደታ በቱሉ ዲምቱ ወጥተህ በፈጣኑ መንገድ አዳማ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያልፋል። አዳማ ከኛ ወደ 700 ሜትር ዝቅ ይላል። ስትሄድ ቁልቁለቱ ይረዳሃል፤ በ90 ከነዳህ 14 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ይበቃሃል። መመለሻው ነው ፈተናው። ሰው፣ ዕቃና የአማትህ በርበሬ የጫነ መኪና 700 ሜትር ሲወጣ ለከፍታው ብቻ ሦስት ተኩል ገደማ ይበላል። ስለዚህ መመለሻውን 19 ወይም 20 አድርገው። ድምሩ 33፣ 34 ነው። ጤነኛው 44.9 ይችለዋል፤ ባለ 30ው አይችለውም። በ120 ከነዳህ ግን ይሄን ሒሳብ እርሳው፤ ነፋሱ ይበላሃል። ምሳ እስክትበሉ ደግሞ አማትህ ቤት ሰካው፤ ሦስት ሰዓት 6 ኪሎዋት ሰዓት ይጨምርልሃል፣ በልብህ ሳትጨነቅ ትመለሳለህ። የአማትህንም ሶኬት ኧርዝ አስቀድመህ አስፈትሽ።

የልደታው

እንግዲህ ዶልፊኑን ነው የማስፈትሸው። ቪትዟንም ኮሚቴው እሺ ሳይለኝ ለገበያ አላወጣትም። ወረቀቱ ላይ ምን ልጠንቀቅ?

ኮድ ሁለት

የሻንሲ ቁጥሩን መኪናው ላይ ካለው ጋር ራስህ አስተያይ፤ ሊብሬው ላይ አይተህ ብቻ አትለፍ። ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ፋይሉ ካለበት ቦታ ሳታጣራ ቀብድ የሚባል ነገር እንዳትሰጥ። ሙሉ ክፍያ ውል ሲፈረም። ሁለቱንም ቁልፍ ተቀበል፤ ካርድ ቁልፍም ካለው እሱንም።

ሽቦ በጣሽ

ስልክ ላይ ያለውን መተግበሪያ ጨምርበት። የድሮው ባለቤት አካውንት ከመኪናው ጋር እንደተያያዘ ከቀረ በሩን ከሌላ ቦታ ሊከፍተው ይችላል። ፊትህ ያስወጣልህ። ዋስትና አለው ካሉህም በጽሑፍ፣ የአስመጪው ማኅተም ያለበትን አሳየኝ በል፤ ለቻይና ገበያ የተሰጠ ዋስትና እዚህ አያገለግልህም።

12 ቮልቷን ትንሿን ባትሪም አስለካት። እሷ ከሞተች ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ መኪናው አይነሳም፤ ሰዉ ያኔ «ባትሪው ተቃጠለ» ብሎ ይደነግጣል። ለፍተሻ ስትሄዱ ባለቤቱ ቀድሞ ቻርጅ እንዳያደርገው ንገረው። 20 በመቶ ላይ ሆኖ ቢጠብቅህ ነዳጅህንም ጊዜህንም ታተርፋለህ።

የልደታው

ነዳጅ አሉ? ልማድ ነው ጋሼ! እሺ፣ የቻርጀሩን ስክሪን ፎቶ አንስቼ እዚሁ እለጥፋለሁ።