ጮቄን ለማየት የት ማደር ይሻላል? ደብረ ማርቆስ ወይስ ተራራው ሥር?

ጠያቂ፣ ከአዲስ አበባ፦

ጤና ይስጥልኝ። በጥቅምት አጋማሽ ከእናቴ፣ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ወደ ምሥራቅ ጎጃም ሄደን ጮቄን ለማየት አስበናል። እናቴ ጎጃም ተወልደው ስሙን እየሰሙ ያደጉ ቢሆንም ተራራው ላይ ወጥተው አያውቁም፤ አሁን ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ የደም ግፊት መድኃኒትም ይወስዳሉ። ታናሹ ልጄ ደግሞ ገና አምስት ዓመቱ ነው። ዘመዶቻችን ደብረ ማርቆስ አልጋ ይዛችሁ ጠዋት ወጥታችሁ ማታ ተመለሱ ይሉናል። ባለቤቴ ግን እዚያ ድረስ ሄዶ ከተማ ውስጥ ማደር ጉዞውን ዋጋ ያሳጣዋል ባይ ነው። አካባቢውን የምታውቁ፣ ከእኛ ሁኔታ ጋር አገናዝባችሁ የት ብናድር እንደሚሻል፣ አልጋ ስንይዝም ምን ምን ማረጋገጥ እንዳለብን ብትመክሩን ውለታችሁ ከፍ ያለ ነው።

የማርቆስ ነዋሪ፦

እህቴ፣ እንኳን ወደ አገራችሁ ለመምጣት አሰባችሁ። እኔ የምመክረው ቢያንስ የመጀመሪያውን ሌሊት ደብረ ማርቆስ እንድታሳልፉ ነው፤ ይህን የምለው የከተማው ልጅ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም። ከአዲስ አበባ እኛ ጋ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚያ ላይ የዓባይን በረሃ ወርዶ ደጀን ላይ መውጣት አለ። ይህን ሁሉ ተጉዘው የመጡ እናት በዚያው ቀን ተጨማሪ ዳገት ሊወጡ አይገባም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ከፍታው ከአዲስ አበባ እምብዛም አይለይም፤ ሰውነታቸው ምንም አዲስ ነገር አይገጥመውም ማለት ነው። ሪፈራል ሆስፒታሉም መድኃኒት ቤቱም ቅርብ ነው።

የባለቤትሽ ሐሳብም ግን ትክክለኛ መሠረት አለው። ጮቄ የሚታየው በጠዋት ነው። ፀሐይ ከፍ እያለ ሲሄድ ጉሙ ከሸለቆው ይነሣና ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ጫፉን ይሸፍነዋል፤ ከማርቆስ ዘግይቶ የተነሣ ሰው ደመና አይቶ ሊመለስ ይችላል። በጨለማ መንዳትን ደግሞ በፍጹም አልመክርም፤ የክረምቱ ዝናብ መንገዱን የጎዳበት ቦታ ሊኖር ይችላል፣ ባለፉት ዓመታት የነበረው የጸጥታ ሁኔታም በሌሊት መንቀሳቀስን አይፈቅድም። ስለዚህ ማርቆስ ካደራችሁ ወገግ ሲል ተነሥታችሁ የሲናን ወረዳ ከተማ በሆነችው በሮብ ገበያ በኩል ውጡ፤ ቁርስ ቋጥራችሁ መሄድ ይሻላል።

የአልጋውን ነገር በተመለከተ፣ የአዲስ አበባና የባሕር ዳር አውራ ጎዳና ከተማውን ሰንጥቆ ስለሚያልፍ በአስፋልቱ ዳር ያሉት ሆቴሎች የከባድ መኪና ድምፅ አያጣቸውም። ወደ ውስጥ ገባ ያለ ማረፊያ ወይም ፊቱን ወደ ጓሮ ያዞረ ክፍል ጠይቁ። ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ክፍሉን እዩት፣ የሙቅ ውኃውንም ቧንቧ ራሳችሁ ከፍታችሁ ሞክሩት፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ለአምፖል ብቻ ነው ወይስ ቦይለሩንም ያሠራል ብላችሁ ጠይቁ። ለእናታችን ምድር ቤት ያለ ክፍል ይያዝላቸው። መኪናችሁም ዘበኛ ባለው ግቢ ይደር።

የጤና ባለሙያ፦

ከላይ በተሰጠው ምክር ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ከፍታ ሰውን የሚፈትነው በተለይ ሲታደርበት ነው። ከ2,500 ሜትር በላይ ሲወጣ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣትና እንቅልፍ ማጣት ሊከተል ይችላል፤ ምልክቶቹ ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ከተደረሰ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ነው። በዚህ ምክንያት የጮቄን ጫፍ፣ ማለትም ከ4,000 ሜትር በላይ ያለውን ስፍራ፣ ቀን አይቶ በዚያው ቀን ዝቅ ወዳለ ቦታ ወርዶ የሚያድር ሰው እዚያው ካደረው ይልቅ በእጅጉ ይቀለዋል። ቢሆንም የደም ግፊት ያለባቸው ሰው ከጉዞው በፊት ሐኪማቸውን ማማከር አለባቸው፤ መድኃኒቱንም አንድ ቀን እንኳ ማቋረጥ የለባቸውም። ሕፃን ልጅ ደግሞ የሚሰማውን በትክክል መናገር ስለማይችል፣ ያለወትሮው ቢነጫነጭና ምግብ እምቢ ቢል ድካም ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ይዛችሁት ውረዱ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ አጥብቄ የምለምናችሁ ግን የከሰልን ነገር ነው። በደጋ ማረፊያዎች ብርዱ ሲበረታ አስተናጋጁ በደግነት የተቀጣጠለ ምድጃ ወደ መኝታ ክፍል ሊያስገባላችሁ ይችላል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። አመስግናችሁ ውጭ እንዲቀመጥ አድርጉ፣ በምትኩ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ጠይቁ። ከሰሉ ረመጥ ሆኗል፣ ጭሱ አልቋል ቢሏችሁም አትቀበሉ፤ ጋዙ ከረመጥም ይወጣል።

ከድጓ ጽዮን፦

ወንድሞቼና እህቶቼ ያሉት ሁሉ ለእናታችን የሚበጅ ነው። እኔ ግን ቤተሰቡ በሙሉ ማርቆስ ብቻ አድሮ እንዲመለስ አልስማማም። በተራራው ግርጌ በጎጆ መልክ የተሠራ ኢኮ ሎጅ አለ፤ ሮብ ገበያና ድጓ ጽዮንም እንደ ሌላው የወረዳ ከተማ መጠነኛ አልጋ ቤቶች አሏቸው። የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 የጮቄን መንደር ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ የመረጠው ሰው ከሕዝቡ ጋር አድሮ የሚያየው ስፍራ በመሆኑ ጭምር ነው ብዬ አምናለሁ።

እንግዳ የት እንደሚያድር ለእኛ ትልቅ ጉዳይ ነው። ገበሬው መሬት ሲጠበው ገብስና ድንቹን ይዞ ሽቅብ ይወጣል፣ አስታ የሚባለው የደጋ ዛፍም ለማገዶ ይቆረጣል፤ ከዚያ አፈሩ በክረምት ታጥቦ ወደ ዓባይ ይወርዳል። ከጮቄ የሚነሡት ወንዞችና ምንጮች ብዙ ናቸው፣ የሚመግቡትም ዓባይን ነው። እንግዳ እዚህ አድሮ ለአልጋው፣ ለፈረሱ፣ ለመሪውና ለእራቱ ሲከፍል፣ የተራራው ተክል ጅብራውና የጓሳው ሣር ቆሞ እንዲቆይ የሚያደርግ ገቢ በመንደሩ ይቀራል። ጠዋት መጥቶ ማታ የሚመለሰው እንግዳ ግን አብዛኛውን ገንዘቡን ከተማ ትቶት ይሄዳል።

ብርዱን አቅልላችሁ እንዳታዩት። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ ጫፉ ላይ ከማርቆስ በአሥር ዲግሪ ገደማ ይበርዳል፤ ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ውርጭ አለ። ቡሉኮ ከቤታችሁ ይዛችሁ ኑ። አልጋ ስትይዙ መጸዳጃው ከክፍሉ ምን ያህል እንደሚርቅ ጠይቁ፤ ብዙውን ጊዜ ውጭ ስለሆነ ባትሪ ያስፈልጋችኋል። እራትም አስቀድማችሁ እዘዙ፤ በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ምግብ ቶሎ አይበስልም፣ ዘግይቶ የታዘዘ ሽሮ እንኳ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ሊደርስ ይችላል።

ጠያቂ፦

እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረን፣ ሁለት ሌሊት ማርቆስ አድረን በመካከሉ ባለው ቀን ሁላችንም ጮቄን አይተን እንድንመለስ፣ ከዚያ እናቴና ታናሹ ልጄ ከዘመድ ጋር ማርቆስ ቀርተው ባለቤቴና ትልቁ ልጄ አንድ ሌሊት ተራራው ሥር እንዲያድሩ ወስነናል። የቀረን አንድ ጥያቄ ነው፤ አልጋውን ከአዲስ አበባ ሆነን አስቀድመን መያዝ ይኖርብናል? እናቴስ በዚያ ቀን ከተማው ውስጥ ምን ሊያዩ ይችላሉ?

የማርቆስ ነዋሪ፦

መልካም ውሳኔ ነው። ማርቆስ ላይ በጥቅምት አልጋ አይጠፋም፤ የሚጨናነቀው የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ሲመረቁና ሚያዝያ 30 ቀን የቅዱስ ማርቆስ በዓል ሲከበር ነው። የተራራውን ግን የግድ አስቀድማችሁ ደውሉ፣ ክፍሉ ጥቂት ስለሆነ። በዚያው ስልክ እንግዳ እየተቀበሉ መሆናቸውንና መንገዱ ክፍት መሆኑን ጠይቋቸው፤ ከማርቆስ በምትነሡበት ዋዜማ ደግሞ ለሲናን ወረዳ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ደውላችሁ አረጋግጡ። ሰላም አይደለም ካሏችሁ ማርቆስ ላይ ሌላ ቀን ጨምሩ እንጂ አትነሡ። እናታችን ጠዋት ቅዱስ ማርቆስን ተሳልመው፣ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ቤተ መንግሥት ማየት ይችላሉ፤ ሁለቱም እዚያው ከተማው ውስጥ ስለሆኑ በባጃጅ ብዙ ሳይደክሙ ይደርሳሉ።